የሳሎኑ አብራሪ አየር ላይ ሲወጣ

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ላይ ሊያርፍ 300 ጫማ ሲቀረው መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ስክሪኑ ድርግም አለ። ጣናም፣ መንደርደሪያውም፣ ሴስና የተባለችው ትንሽ አውሮፕላንም አብረው ጠፉ። እህቴ ከጓዳ ሆና «ተከሰከስክ እንዴ?» አለችው። «ኧረ መብራት ነው!» አላት፣ መሪ የሚሆነውን ጆይስቲክ እንደጨበጠ።

ልጁ የበረራ ትምህርት ጀምሯል። ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመጣ ከሻንጣው ቀድሞ የሚወጣው ያ ጆይስቲክ ነው። ላፕቶፑ ላይ በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ያበርራል። እናቱ ጌም ትለዋለች። እሱ ልምምድ ይለዋል። ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ እኔም ከጎኑ በርጩማ ስቤ መቀመጥ ጀመርኩ። ሳይ፣ ሳነብ፣ ስጠይቅ ከረምኩ። እንደኔ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጌም የሚሆንበት ቀን አለ፣ ትምህርት የሚሆንበት ቀን አለ፣ ከሁለቱም የባሰ ነገር የሚሆንበት ቀንም አለ፤ መጥፎ አመል የሚያስይዝበት ቀን።

ይህ የእኛ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። አብራሪ መሆን የሚመኝ ወጣት ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ እንጅባራም አለ። የበረራ ሰዓት ውድ ነው። ላፕቶፕ ግን ቢያንስ ጓደኛ ቤት አይጠፋም። ስለዚህ «እቤቴ እየተለማመድኩ ብቆይ ምን ያህል ይጠቅመኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን

ልጁ እውነተኛ አውሮፕላን ከመንካቱ በፊት ሲሙሌተር ላይ ከ200 ሰዓት በላይ ነበረው። እንዳጫወተኝ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሄደው። ሞተር አነሳሱን ያውቃል። የመለኪያዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ፍላፕ (ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) በስንት ፍጥነት እንደሚወርድ በቃሉ ይዞታል። አስተማሪው ተገርሞ «ማን አስተማረህ?» እስኪለው ጠበቀ።

ከዚያ ለመነሳት ሙሉ ኃይል ሰጠ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሸሸ። ልጁ እንደ መኪና መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ምንም የለም። መሬት ላይ አፍንጫውን የሚመራው እግር ነው፤ የሱ እግር ደግሞ ወለሉ ላይ እንደተኛ ነበር። አስተማሪው በራሱ ፔዳል መለሰው እንጂ ሣር ውስጥ ገብተው ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኞቹ ባለ አንድ ሞተር ትናንሽ አውሮፕላኖች ፕሮፔለራቸው ከአብራሪው ወንበር ሲታይ እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሙሉ ኃይል ሲሰጥ አፍንጫቸው ወደ ግራ ይሳባል። አብራሪው ቀኝ እግሩን መርገጥ አለበት። ልጁ ይህን በመጽሐፍ ያውቀዋል። ሲሙሌተሩ ግን ፔዳል የሌለውን ሰው ላለማስቸገር ራሱ ይረግጥለታል። ሴቲንጉ ውስጥ «አውቶ ራደር» የምትባል አንዲት ምልክት አለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደበራች ነበረች። 200 ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተሩ ነበር እግር የሆነለት።

ቀጥሎ የመጣው የዓይን ጣጣ ነው። ልጁ አየር ላይ ወጥቶም ዓይኑን ከመለኪያዎቹ አልነቅል አለ። ፍጥነቱን ያያል፣ ከፍታውን ያያል፣ መልሶ ፍጥነቱን ያያል። 50 ጫማ ከፍ ካለ ይገፋል፣ 50 ዝቅ ካለ ይስባል። አውሮፕላኑ እንደ ጀልባ መዋለል ጀመረ። አስተማሪው ምንም ሳይናገር ኮፍያውን አውልቆ መለኪያዎቹን ሸፈነበት። «አሁን ውጭውን እይ። አፍንጫው ከአድማሱ በምን ያህል ዝቅ እንዳለ ያዝና እዚያው ላይ አቆየው» አለው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አውሮፕላኑ ረጋ።

ይህም ከላፕቶፑ የመጣ አመል ነው። አሥራ አምስት ኢንች ስክሪን ላይ ዓለም በጠባብ መስኮት ነው የምትታየው። ግራና ቀኝ የለም፣ ጥልቀት የለም። ከሁሉም ጎልተው የሚታዩት ቁጥሮቹ ናቸው፣ ስለዚህ ዓይን እነሱ ላይ ይለጠፋል። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ሰዓታት የሚፈለገው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ዓይን በብዛት ውጭ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ውስጥ።

ሦስተኛው ረቀቅ ይላል፣ እኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ትሪም የምትባል ትንሽ ተሽከርካሪ አለች። አብራሪው መሪውን ገፍቶ ወይም ስቦ አፍንጫውን የሚፈልገው ቦታ ያደርሳል። እጁ ላይ ክብደት ይሰማዋል። ከዚያ ትሪሟን ያዞራትና ክብደቱ ከእጁ ላይ ይነሳለታል። ርካሽ ጆይስቲክ ላይ ግን የሚሰማው የስፕሪንግ ጉልበት ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ቢፈጥን ባይፈጥን፣ ትሪም ቢዞር ባይዞር፣ ስፕሪንጉ ያው ነው። ስለዚህ ሳሎን ያደገ አብራሪ በትሪሟ ራሷ መብረር ይለምዳል። አስተማሪዎች ይህን ሲያዩ ያማቸዋል።

ወንበሩ ደግሞ አለ። አውሮፕላን ሲዞር ሰው ወንበሩ ላይ ይከብዳል። ወደ ጎን ሲንሸራተት መቀመጫው ይነግረዋል። ፍጥነት ሲቀንስ የነፋሱ ድምፅ ይለወጣል፣ መሪው ይልፈሰፈሳል። ሳሎን ያለው ሶፋ ይህን ሁሉ አያውቅም።

ከወናፍ የተወለደ ማሽን

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የመጀመሪያውን በሰፊው የተሸጠ ሲሙሌተር የሠራው ሰው ኤድዊን ሊንክ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። አባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። ልጅ ሊንክ በረራ መማር አማረው፣ ዋጋው ግን አልቀመስ አለው። ያው የኛ ጉዳይ ነው! እ.ኤ.አ. በ1929 የኦርጋኑን ወናፍና የአየር ቱቦ ተጠቅሞ፣ ክንፍና ጭራ የለጠፈባት፣ መሪው ሲነካ የምትዘነበልና የምትዞር ሣጥን ሠራ። ወናፍ ስል ያው አንጥረኛ ቤት የምናውቀውን ነው፤ እየተነፋ እሳት የሚያነደውን። ሊንክ አውሮፕላን አስመሰለበት።

መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ቦታዎች ነበሩ። እንደ ጌም ማለት ነው። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የአሜሪካ ጦር ፖስታ በአውሮፕላን እንዲያደርስ ታዘዘ። አብራሪዎቹ ደመና ውስጥ በመለኪያ ብቻ መብረር በቅጡ አልሠለጠኑም ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ10 በላይ ሞቱ። ሊንክ ማሽኑን ሊያሳያቸው በጭጋግ ውስጥ በመለኪያ በርሮ መጣ። በዚያ አየር ይመጣል ብሎ የጠበቀው ስላልነበረ፣ መምጣቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ስድስት ማሽን ገዙት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ10,000 በላይ ተሠርተዋል።

የሊንክ ማሽን የተወደደው ለምን ትምህርት እንደነበር ልብ በሉ። ለማረፍ አልነበረም። ውጭው በማይታይበት ጊዜ መለኪያ አንብቦ ለመብረር ነው። ምክንያቱም ደመና ውስጥ ወንበሩም ጆሮም ይዋሻሉ። የውስጥ ጆሯችን ቀስ ያለ መዞርን አይለይም። አብራሪው ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ሲል አውሮፕላኑ ተጋድሞ እየወረደ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ገላን አለማመን ነው ትምህርቱ። ገላ የሌለው ሲሙሌተር እዚህ ላይ ጉድለቱ ያን ያህል አይጎዳም።

ከዓመታት በኋላም ውጤቱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተራ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ መለማመጃ ለመለኪያ በረራ ተማሪዎች ሰጥተው ለኩ። አዲስ ነገር ሲጀመር ኮምፒውተሩ የአውሮፕላን ሰዓት ቆጥቧል። የተማሩትን መልሶ ለመከለስ ሲውል ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነበር። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይህን ነው። አዲስ ትምህርት ሊመጣ ሲል አንድ ሁለት ሰዓት ሲሙሌተር ላይ መቀመጥ ዋጋ አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ሰዓት ባብዛኛው ለደስታ ነው። ደስታ ደግሞ ወንጀል አይደለም፤ ትምህርት ነው ብሎ አለመቁጠር ነው እንጂ።

ሎግቡክ ላይ አይጻፍም

አንድ ነገር ቶሎ ልጨርስ። ቤት ውስጥ የተበረረ ሰዓት የአብራሪው የበረራ መዝገብ፣ ሎግቡኩ፣ ላይ ገብቶ ለአብራሪነት ፈቃድ አይቆጠርም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ ለግል አብራሪነት ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ በጸደቀ ሥልጠና ውስጥ ላለ ተማሪ 35። ለንግድ አብራሪነት 200፣ በጸደቀ ሥልጠና 150 ነው። አሜሪካኖቹ ለግል ፈቃድ ከሲሙሌተር እስከ 2.5 ሰዓት ይቀበላሉ። እሱም መሣሪያው በመንግሥት የጸደቀ ሲሆንና አስተማሪ አብሮ ሲኖር ነው። ለመለኪያ በረራ ፈቃድ ግን ከሚፈለገው 40 ሰዓት ውስጥ እንደ መሣሪያው ደረጃ 10 ወይም 20 ሰዓት ይይዙለታል። ልዩነቱን አያችሁት? ሕግ አውጪዎቹም ሊንክ ያየውን ነው ያዩት።

አንዳንዱ «የአየር መንገድ ካፒቴኖች በሲሙሌተር ብቻ አይደል እንዴ አዲስ አውሮፕላን የሚለምዱት?» ይላል። እውነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ ላይ ያሉት ትልልቅ ሲሙሌተሮች በስድስት እግር ላይ የቆሙ፣ የሚናወጡ፣ ዋጋቸው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ናቸው። ከኋላ አስተማሪ ተቀምጧል። ከፊት የተቀመጠው ደግሞ ቀድሞ አብራሪ የሆነ ሰው ነው። የሱን ሶፋ ከኛ ሶፋ ጋር አናወዳድር።

አፍ የሚፈታበት ቦታ

ታዲያ ጀማሪ ምን ያተርፋል? ብዙ። በተለይ ሥርዓትን።

ለማረፍ ሲዘጋጅ አንድ ተማሪ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚሠራው ጉድ ነው። ኃይል ይቀንሳል፣ ፍላፕ ያወርዳል፣ ቼክሊስት፣ የመፈተሻ ዝርዝሩን፣ ይላል፣ ሌላ አውሮፕላን ይፈልጋል፣ ሬዲዮ ይናገራል፣ ይዞራል። እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ነው። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ጀማሪ ይደነዝዛል። ሞተሩ እየጮኸ፣ ሰዓቱ በዶላር እየቆጠረ «ቀጥሎ ምን ነበር?» ማለት ያሳዝናል። ይህን ቅደም ተከተል ሳሎን ውስጥ ሃያ ጊዜ መድገም በነፃ ነው።

ሬዲዮው ደግሞ ለኛ ልጆች የተለየ ነገር አለው። አብራሪ ለዓለም አቀፍ በረራ በአይካኦ መለኪያ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛን በመጽሐፍ የተማረ ልጅ ቃሉን ያውቀዋል፣ አፉ ግን አይፈታም። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ያፍር ነበር። አሁን ሳሎኑ ሙሉ ይጮኻል፦ «ባሕር ዳር ታወር፣ ኢኮ ታንጎ አልፋ ብራቮ ቻርሊ፣ ዳውንዊንድ፣ ራንዌይ ዜሮ ፎር!» የት እንደደረሰ ለመቆጣጠሪያው ማማ መናገሩ ነው። የጎረቤት ሕፃናት በሩ ላይ ቆመው ይደግሙታል። አንዷማ «ዳውንዊንድ» የሚል ስም አውጥታለታለች።

ኢንተርኔቱ ከቻለ ቫትሲም የሚባል መረብ አለ፤ በጎ ፈቃደኞች እንደ ተቆጣጣሪ ሆነው በድምፅ ያናግራሉ። ካልቻለም ግድግዳውን ማናገር ይሠራል።

የጎጃም አየር

ሲሙሌተሩ በእውነት የሚያኮራው የሒሳብ ጉዳይ ሲመጣ ነው። ጎጃም ላይ ደግሞ ሒሳቡ ቀልድ አይደለም።

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,820 ሜትር ላይ ነው፤ 6,000 ጫማ ገደማ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ሙቀትም ያሳሳዋል። በመደበኛው ስሌት 6,000 ጫማ ላይ አየሩ 3 ዲግሪ መሆን ነበረበት። መጋቢት ላይ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር 28 ዲግሪ ስትሆን ከመደበኛው 25 ዲግሪ ትበልጣለች። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይጨመራል። 25 ሲባዛ በ120፣ 3,000። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቆሞ ያለው 6,000 ጫማ ላይ ሆኖ፣ የሚሰማው ግን 9,000 ጫማ ላይ እንዳለ ነው።

ይህ ምን ያደርጋል? ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 ከመቶ ኃይል ያጣል። 9,000 ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ስስ ነው። መለኪያው ላይ 65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚቆጠርበት አሃድ) እየታየ አውሮፕላኑ መሬቱን የሚያልፈው ወደ 75 ኖት ገደማ ነው። ፍጥነቱ በ15 ከመቶ ሲጨምር፣ ካረፉ በኋላ በፍሬን መዋጥ ያለበት ጉልበት በ30 ከመቶ ያድጋል።

ይህን ለልጁ በወረቀት ሲያስተምሩት «እሺ» ብሎ አልፎታል። አንድ ቅዳሜ ግን ከጎኑ ቁጭ ብዬ ሙከራ ሠራን። መጀመሪያ ሴስና 172 ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማትለው ጅቡቲ ላይ አቆመ፣ አየሩን 15 ዲግሪ አደረገው። ጅቡቲ መቼም ለ15 ዲግሪ እንግዳ ናት፤ ሲሙሌተር ነውና ይቻላል። አውሮፕላኗ ገና ስትንደረደር ብድግ አለች። ከዚያ ያችው አውሮፕላን፣ ያው ክብደት፣ ባሕር ዳር፣ 28 ዲግሪ። ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፣ አትነሳም። ስትነሳም አትወጣም፤ ሐይቁ ላይ እንደ ደከመ ዳክዬ ትሄዳለች። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለ። አልተበላሸም። ሀገራችን ናት።

እዚህም አንዲት ምልክት ነበረች። ስስ አየር ላይ ነዳጁም በልኩ መቀነስ አለበት፤ ያለዚያ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ያለውንም ኃይል ያጣል። አብራሪው በቀይዋ ማንሻ ራሱ ነው የሚያስተካክለው። ሲሙሌተሩ ግን ይህንንም ልሥራልህ ይላል። «አውቶ ሚክስቸር» ትባላለች። አጠፋናት። ከዚያ ወዲህ ቀይዋን ማንሻ አይረሳትም።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ 8,000 ጫማ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሞክሩት። የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከ13,000 ጫማ በላይ ማለት ነው። ሴስና 172 እንደ ሞዴሉ ጣሪያው ከ13,000 እስከ 14,000 ጫማ ገደማ ነው። ስለዚህ በጮቄ አናት ላይ ተሻግሬ ልሂድ የሚል ተማሪ፣ ሰዓት ሙሉ እየጎተተ ወጥቶ የተራራውን ጫፍ በመስኮት በኩል ያየዋል። ይህን ሳሎን ውስጥ ማየት ጥሩ ነው።

ሲሙሌተሩ የማያውቀውም አለ። ደጀን ላይ ቆሞ ዓባይ በረሃን ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ከገደሉ የሚወጣውን የጋለ አየር ፊቱ ላይ ያውቀዋል። ሲሙሌተሩ የገደሉን ቅርጽ በደንብ ይስላል፣ ነፋሱን ግን በግምት ነው። የክረምት ማዕበል ጣና ላይ እንዴት ድንገት እንደሚነሳ የሐይቁ ጀልበኞች ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ይናገራሉ።

ሞተሩ ሲጠፋ

ባሕር ዳር ላይ ስለ ሞተር መጥፋት ማውራት የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ ለመሄድ ከባሕር ዳር የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ወፎቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ሊመለስ ሲዞር ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ። ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፣ እሳት ተነሳ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነገረው ነገር አለ። ከተነሳህ በኋላ ዝቅ ብለህ ሳለ ሞተር ቢጠፋ አትመለስ። አፍንጫ ዝቅ አድርግ፣ ከፊትህ ከግራም ከቀኝም ትንሽ ፈልግና እዚያው ውረድ። ሰው ግን ወደ መንደርደሪያው መመለስ ያምረዋል። ከኋላው ነዋ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ። ለመመለስ አጥብቆ መዞር አለበት። አውሮፕላን በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ሲዞር፣ ክንፉ አየር የሚለቅበት፣ ማለትም መሸከም የሚያቆምበት፣ ፍጥነት በ19 ከመቶ ከፍ ይላል። በ50 ኖት ይለቅ የነበረው በ60 ገደማ ይለቃል። ኃይል በሌለበት፣ ከመሬት በቀረበበት ሰዓት።

ልጁ ይህንን «አውቃለሁ» ነበር ያለኝ። 500 ጫማ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይመለስ ጀመር። ወደቀ። ደገመ፣ ወደቀ። አጥብቆ ዞረ፣ ክንፉ ለቀቀ። ላላ አድርጎ ዞረ፣ ከፍታው አለቀ። ከሰባተኛው በኋላ ዝም ብሎ ስክሪኑን ያይ ነበር። ይህንን ትምህርት እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ማንም ሰው ሰባት ጊዜ አይማረውም።

ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ራሱ ያጠፋውን ሞተር እየጠበቀው ነበር። ስለዚህ ሌላ ቀን ሻይ ሊያመጣ ሲነሳ፣ ሞተሩ በማይታወቅ ሰዓት እንዲጠፋ ሴቲንጉ ውስጥ ሠራሁለት። ተመለሰ፣ ተነሳ፣ ሬዲዮውን እያወራ ሳለ ሞተሩ ዝም አለ። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አምስት ላይ ደርሼም አፍንጫው ከፍ እንዳለ ነው። እጁ ወደ ኪቦርዱ ሄደ። «ፒ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫነ፣ ፖዝ፤ በረራው ባለበት ቆመ። «ቆይ ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለኝ።

ያች ፊደል ትልቋ ችግር ናት። ያን ቀን ነቅለን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥናት።

ዕቃው

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚጨርሰው። ገንዘብ ካለ ከሁለተኛ ስክሪን በፊት የእግር ፔዳል ይቅደም። በኪቦርድ ብቻ መብረር ግን ይቅር፤ ቁልፍ ወይ ተጫንክ ወይ ለቀቅክ ነው፣ እጅ የሚማርበት መሐል የለውም።

ፕሮግራሙን በተመለከተ ፍላይትጊር ነፃ ነው፤ በደከመ ኮምፒውተርም ይንቀሳቀሳል። ኤክስ ፕሌን አውሮፕላኑን የሚያበረው በክንፉ በየክፍሉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል እያሰላ ነው፣ ለመሞከሪያ የሚሆን ነፃ ቅጂም አለው። የማይክሮሶፍቱ ፍላይት ሲሙሌተር መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የ2020 እና የ2024 እትሞቹ ዓለምን አምረው ያሳያሉ። ጣናን እዚያ ውስጥ ያየ ሰው አፉን ይከፍታል። ግን ምስሉን ከኢንተርኔት እየሳቡ ነው የሚሠሩት፣ የ2024ቱ በተለይ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ዳታ ባልነበረበት ክልል፣ ዓለምን በዳታ የሚስብ ፕሮግራም ላይ ትምህርትን መጣል አያዋጣም። ለበረራ ትምህርት የዛፍ ቅጠል ማማር አያስፈልግም። መንደርደሪያው፣ አድማሱና ቁጥሮቹ ልክ ከሆኑ ይበቃል።

ቆጠራና ነገራ

ጎጃም ውስጥ ይህን ነገር ከእኛ በፊት የፈቱት የቅኔ ቤቶች ይመስሉኛል። ዋሸራም ሆነ ዲማ ሄዶ ያየ ያውቃል። ተማሪው ለቆጠራ ሲቀመጥ ብቻውን ነው። ዛፍ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ቃል ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ያነሳል። ማንም አይረብሸውም። ግን በዚያ አያበቃም፤ ነገራ አለ። መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ ያርማል፣ አንዳንዴም ሁሉንም ያፈርሰዋል። ቆጥሮ ለመምህር ሳይነግር የሚቀር ተማሪ ቢኖር፣ ስህተቱን እያሳመረ ነው የሚያድገው።

የእህቴ ልጅ 200 ሰዓት ቆጥሮ አንድም ቀን አልነገረም ነበር። አሁን አሠራሩን ቀይሯል። ከአስተማሪው ጋር ተነጋግረው፣ ለሚቀጥለው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይሰጠዋል። ለምሳሌ ከጎን ነፋስ ሲነፍስ መዞሪያዎቹን ማስተካከል። እሱን ብቻ ግማሽ ሰዓት ይለማመዳል። የበረራውን ዱካ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። መልሱ አጭር ነው፣ አንዳንዴ አንድ መስመር፦ «ለምን ቀድመህ ዞርክ?» ማረፍን ሳሎን ውስጥ እንዳይለማመድ ተከልክሏል። መጨረሻዋን 20 ጫማ ዓይኑ በእውነተኛው መሬት ላይ ነው የሚማራት። በዚህ በጣም ተቆጥቶ ነበር።

ያን ቀን መብራቱ እንደሄደ ቀረ። እህቴ ሻማ ይዛ ስትገባ ልጁ በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ግራ እጁ ባዶ ነገር ይዟል። ቀኝ እጁ የሌለች ማንሻ ይገፋል። ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፦ «ፍላፕ አሥር… ፍጥነት… ታወር…»

ሻማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደኔ ዞረች።

«አሁን ደግሞ ያለ ላፕቶፕ ጀመረው» አለች።